ሳይቃጠል በቅጠል፦ የቲማቲም ሰርሳሪዋን የእሳት እራት ቀን ቆጥሮ መያዝ

ቲማቲም ተክለው ከሆነ ይህን ጽሑፍ ይዘው ወደ ማሳዎ ይውጡ። ከተክሉ ጫፍ አካባቢ አንድ ቅጠል ይቅጠፉና ወደ ፀሐይ አንሥተው ይዩት። አረንጓዴው ሥጋ ከውስጥ ተበልቶ የላይና የታች ስስ ቆዳው ብቻ የቀረበት ቦታ ካለ፣ ብርሃኑ ዘይት የነካው ወረቀት ላይ እንደሚያልፈው ያልፍበታል። በዚያ ብሩህ ቦታ አንዱ ጥግ ላይ ጥቁር አሸዋ የመሰለ ኩስ ተከማችቷል፤ በሌላው ጥግ ከጤፍ ፍሬ ጥቂት የሚረዝም ትል ጭንቅላቱን ወዲህና ወዲያ እያደረገ ይበላል። ይህን ካዩ የቲማቲም ቅጠል ሰርሳሪዋ፣ ብዙዎች ቱታ አብሶሉታ የሚሏት ትንሽ የእሳት እራት፣ ማሳዎ ገብታለች።

ዝም ካሏት ከምርቱ ከ80 እስከ 100 በመቶ ልታጠፋ ትችላለች። የተጠቃ ማሳ ከሩቅ ሲታይ እሳት የለበለበው ይመስላል። ይሁን እንጂ እሳቱ የሚነሣው በአንድ ቀን አይደለም፤ ከጥቂት ቅጠሎች ተነሥቶ ነው የሚሰፋው። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህች ነፍሳት የተባለ እስኪመስል ድረስ ይስማማታል።

እኔ ይህን የተማርኩት በጓሮዬ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ትል ባየሁ ቁጥር እረጭ ነበር። በረጨሁ በሦስተኛው ቀን ቅጠሉ ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር ሲጠፋ ተገላገልኩ አልኩ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ግን አዲሱ ቅጠል ሁሉ በአዲስ ትል ተሞላ። መድኃኒቱ ጊዜው ያለፈበት መስሎኝ ሌላ ገዛሁ፤ ያው ሆነ። በኋላ ተክሉ ሥር ያለውን አፈር በማንኪያ ጫር ጫር ሳደርግ ቡናማ ፍሬ የመሰሉ ነገሮች አገኘሁ። እኔ ቅጠሉን በማርስበት ቀን ትሉ ጠግቦ ወርዶ አፈር ውስጥ ተኝቶ ነበር ለካ።

ስለዚህ የዚህ መመሪያ ፍሬ ነገር አንድ ነው፦ ይህችን የእሳት እራት የሚይዛት ዛሬ በየትኛው ዕድሜዋ ላይ፣ በየትኛው ቦታ እንዳለች የሚያውቅ ሰው ነው። ከዚህ በታች ያሉት ስምንት እርምጃዎች ያንን ለማወቅና ዕውቀቱን ወደ ሥራ ለመለወጥ ይረዱዎታል።

የሚያስፈልግዎ ብዙ አይደለም፦ ደብተርና እስክሪብቶ፣ ማጉያ መነጽር፣ አፈ ሰፊ የብርጭቆ ዕቃ (ባዶ የማርማላታ ወይም የማዮኔዝ ዕቃ ይሆናል)፣ ቁራጭ ሻሽ፣ ላስቲክ፣ ጥቁር ፌስታል፣ ሳፋና ፈሳሽ ሳሙና።

እርምጃ 1፦ ማንነቷን ይለዩ

በመጀመሪያ የሌላ ተባይ ሥራ በእሷ እንዳያሳብቡ። ሦስት ነገሮች ይመሳሰላሉ።

ቅጠል ላይ እንደ እባብ የሚጠማዘዝ ቀጭን ነጭ መስመር ካዩ የትንሽ ዝንብ ዕጭ ነው። የእኛዋ የምትተወው መንገድ ሰፊና ቅርጽ የሌለው ነው፤ በመጀመሪያ ቀጭን ቢሆንም ወዲያው እንደ ፈሰሰ ውኃ ይሰፋል። በኋላ ይደርቅና ይቦጨቃል።

ፍሬ ላይ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳና የትንሽ ጣት ያህል የወፈረ ትል ካገኙ ጓይ ትል ነው። የእኛዋ ትል ሙሉ ዕድሜው ላይ ሲደርስ እንኳ ከ9 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ ቀዳዳውም የመርፌ ጫፍ ያህል ነው። ብዙ ጊዜ የሚገባው ፍሬው ከአገዳው በሚያያዝበት፣ ኮከብ በሚመስለው አረንጓዴ ክዳን ሥር ነው። ስለዚህ ፍሬውን ሲመረምሩ ክዳኑን ገለጥ አድርገው ይዩ።

ቅጠሉ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ኖሮ ወደ ፀሐይ ሲያነሡት ብርሃን ካላሳለፈ፣ ውስጡም ኩስ ከሌለ፣ የበሽታ ምልክት ሊሆን ይችላልና ፀረ ነፍሳት አይረዳዎትም።

ትሉን አውጥተው በማጉያ ይዩት። ሲፈለፈል ነጣ ያለ ክሬም ቀለም አለው፤ እያደገ ሲሄድ አረንጓዴ ይሆናል፤ በመጨረሻ ጀርባው ላይ ሐምራዊ ቀላ ያለ ጥላ ይወጣዋል። ከጭንቅላቱ ኋላ አንገቱ ላይ የታሰረች ጥቁር ክር የመሰለች መስመር አለችው። ዋነኛ መለያው ይህች ናት። ክንፍ ያወጣችው እናት ደግሞ ከ5 እስከ 7 ሚሊ ሜትር የምትረዝም፣ ብርማ ግራጫ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያላት፣ እንደ ክር የቀጠኑ ረጃጅም አንቴናዎች ያሏት ናት። ቀን ቀን ቅጠል ሥር ትደበቃለች፤ ተክሉን በእጅዎ ነቅነቅ ሲያደርጉት ብን ብላ ትነሣና ጥቂት ራቅ ብላ ታርፋለች።

እርምጃ 2፦ በምን እንደምትጓዝ ይወቁ፣ በሩንም ይዝጉ

አገሯ ደቡብ አሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1917 ኤድዋርድ ሜይሪክ የተባለው እንግሊዛዊ የነፍሳት ተመራማሪ ከፔሩ ተራራማ ከተማ ከሁዋንካዮ በተሰበሰቡ ናሙናዎች ላይ ተመሥርቶ መዝግቧታል። ቲማቲምም ከዚያው ከአንዲስ ተራሮች አካባቢ የወጣ ተክል ስለሆነ ሁለቱ የአንድ አገር ልጆች ናቸው። ለብዙ ዓመታት ከዚያ አህጉር አልወጣችም። እ.ኤ.አ. በ2006 በምሥራቅ ስፔን ታየች፤ ከዚያ በኋላ ያቆማት አልነበረም። በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ ሞሮኮን፣ አልጄሪያንና ቱኒዚያን አዳርሳ ወደ ሊቢያና ግብጽ ዘለቀች። በ2010 ሱዳን፣ በ2012 ኢትዮጵያ፣ በ2014 ኬንያ፣ ታንዛኒያና ሕንድ፣ በ2016 ደቡብ አፍሪካ ደረሰች። በ2017 ቻይና ውስጥም ተገኘች። በእኛ አገር በመቂ፣ በባቱና በቆቃ ዙሪያ በመስኖ ቲማቲም የሚያመርቱ ገበሬዎች ዛሬ በሚገባ ያውቋታል።

ይህን የምነግርዎ ለታሪኩ ብዬ ብቻ አይደለም። ክንፏ በሚሊ ሜትር የሚቆጠር ነፍሳት በአሥር ዓመት ከስፔን እስከ ደቡብ አፍሪካ በራሷ ብቻ አልበረረችም። የተጓዘችው በዋናነት በእኛ ዕቃ ነው፦ በፍሬ፣ በችግኝ፣ በሳጥንና በመኪና። ስለዚህ በሩ ያለው እርስዎ እጅ ላይ ነው።

ችግኝ ሲገዙ አሥር ያህሉን አንሥተው የቅጠላቸውን ሥር በማጉያ ይዩ፤ አንድ የተሰረሰረ ቅጠል ካገኙ መደቡን ሁሉ ይተዉት። ራስዎ የሚያፈሉ ከሆነ የችግኝ መደቡን ከአሮጌ የቲማቲም ማሳ አርቀው፣ ቀዳዳው ከ1.6 ሚሊ ሜትር በማይሰፋ መረብ ይሸፍኑት። ከገበያ የተመለሰ ባዶ ሳጥን ማሳዎ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ስንጥቁ ሁሉ በሳሙናና በውኃ ይፈተግ፤ የተኛው ትል እንጨት መጋጠሚያ ውስጥ ተጣብቆ ሊመጣ ይችላል። ነጋዴ ወይም ደላላ መኪናውን ማሳው ዳር አቁሞ የሌላ ሰው ቲማቲም መርጦ እንዲጥል አይፍቀዱ።

እርምጃ 3፦ አራቱን ዕድሜዎች ከነመኖሪያቸው ይለዩ

እንቁላል። እናቲቱ እንቁላሏን አንድ በአንድ ትጥላለች፤ አብዛኛውን ቅጠል ላይ፣ ጥቂቱን አገዳና የቅጠል ጅማት ላይ፣ በጣም ጥቂቱን የፍሬ ክዳንና ለጋ ፍሬ ላይ። ቀለሙ ክሬም ወይም ፈዛዛ ቢጫ ነው፤ ርዝመቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር አይሞላም። በባዶ ዓይን አቧራ ይመስላል። ከ4 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ይፈለፈላል።

ትል። የተፈለፈለው ትል ለጥቂት ጊዜ ብቻ ቅጠሉ ላይ ይንከራተታል፤ ከዚያ በስቶ ይገባል። ይህን አጭር ጊዜ ያስታውሱት፤ በኋላ እንመለስበታለን። ከገባ በኋላ ቅጠሉ ራሱ ጣሪያና ግድግዳ ይሆንለታል። ቆዳውን እየቀየረ አራት ደረጃ ያድጋል፤ እንደ ሙቀቱ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ይወስድበታል። የያዘው ቅጠል ሲያልቅ ወጥቶ ሌላ ቅጠል ሊበሳ ይችላል።

የተኛው ትል። ጠግቦ ያደገው ትል ብዙ ጊዜ በሐር ክር ተንጠልጥሎ ወደ መሬት ይወርዳል። አፈር ውስጥ ወይም የረገፈ ቅጠል ሥር፣ አንዳንዴም እዚያው የሰረሰረው ቅጠል ውስጥ፣ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ወደሚሆን ፍሬ መሰል ነገር ይለወጣል። መጀመሪያ አረንጓዴ ነው፤ ቀስ በቀስ ይጠቁራል። አይበላም፣ አይንቀሳቀስም፣ ከላይ የሚረጭ ነገርም በቀላሉ አያገኘውም። ከ9 እስከ 12 ቀን ይቆያል።

ባለ ክንፏ። ሴቷ ከ10 እስከ 15 ቀን፣ ወንዱ አንድ ሳምንት ገደማ ይኖራል። በዚህች አጭር ዕድሜ አንዲት ሴት እስከ 260 እንቁላል ትጥላለች። የዓመት ዕረፍት የላትም፤ የምትበላው ተክል እስካለና ሙቀቱ እስከፈቀደ ድረስ ትውልድ በትውልድ ላይ ትደርባለች። ምቹ በሆነ ቦታ በዓመት ከ10 እስከ 12 ትውልድ ይቆጠራል።

የምትበላው ቲማቲም ብቻ አይደለም። ድንችና ደበርጃን ላይ ትራባለች፤ ቲማቲም በሌለበት ወቅት ደግሞ እንደ አውጥና አስተናግር ባሉ የዱር ዘመዶቹ ላይ ትሰነብታለች። የማሳው ዳር አረም መጠለያዋ ነው።

እርምጃ 4፦ የአካባቢዎን ቀን ያስሉ

ከእንቁላል እስከ ክንፍ ስንት ቀን ይፈጃል? መልሱ ያለው ሙቀቱ ላይ ነው። ቁጥጥር በተደረገበት ሙቀት የተካሄደ ጥናት ይህን አሳይቷል፦

በ14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ — 76 ቀን ገደማ።
በ20 ዲግሪ አካባቢ — 40 ቀን ገደማ።
በ27 ዲግሪ አካባቢ — 24 ቀን ገደማ።

ሙቀቱ ወደ 8 ዲግሪ ሲወርድ እድገቷ ይቆማል ማለት ይቻላል። ስለዚህ ደጋ ላይ ያለ ሰው ሁለት ወር ተኩል ጊዜ ሲኖረው፣ ሞቃት ቆላ ያለ ሰው አንድ ወር እንኳ የለውም። የጎረቤት ወረዳ የርጭት ፕሮግራም ለእርስዎ ላይሠራ የሚችለውም ለዚህ ነው።

የ20 ዲግሪውን እንያዝ። ቲማቲም ከተዛወረበት ቀን እስከ መጨረሻው ለቀማ አራት ወር ያህል ማሳ ላይ ይቆያል፤ ይህ ልክ ሦስት ትውልድ ነው። አሁን እናስላ። ከ260 እንቁላል ከአሥር አንዱ ብቻ አደገ እንበል፦ 26 ይሆናሉ። ግማሹ ሴት ቢሆን 13 እናቶች ናቸው። እነዚህ በዚያው ስሌት 338 ይተካሉ። ከነዚያ ውስጥ 169ኙ እናቶች ደግሞ 4,394 ይተካሉ። ይህ ሁሉ ከአንዲት እናት ነው። የመጀመሪያው ትውልድ ላይ አንድ የተጠቃ ቅጠል ቀጥፎ መጣል ሦስተኛው ትውልድ ላይ ከሚደረግ ብዙ ርጭት የሚበልጠው ለዚህ ነው።

የራስዎን ቀን በዓይንዎ ለማየት ይህን ይሞክሩ፤ ልጆች ካሉዎትም አብረውዎት ይከታተሉት።

ሀ. የብርጭቆው ዕቃ ውስጥ ሁለት ጣት ከፍታ ያለው ደረቅ የተነፋ አሸዋ ይጨምሩ።
ለ. ብርሃን የሚያሳልፍ ሽንቁር ገና ትንሽ የሆነባቸውን ሦስት ወይም አራት ቅጠሎች ከነእጀታቸው ቀጥፈው፣ እጀታውን በእርጥብ ጥጥ ጠቅልለው ያስገቡ።
ሐ. አፉን በሻሽ ሸፍነው በላስቲክ አጥብቀው ይሰሩ። ክዳን አይክደኑ፤ ላቡ ቅጠሉን ያሻግተዋል።
መ. ፀሐይ በቀጥታ የማይመታው፣ ግን የውጭውን ሙቀት የሚጋራ ቦታ፣ ለምሳሌ በረንዳ ላይ ያስቀምጡት። ቀኑን ደብተር ላይ ይጻፉ።
ሠ. በየሁለት ቀኑ ንጹሕ ትኩስ ቅጠል ይጨምሩ። አሮጌውን ትሉ ለቆት እስኪወጣ አያውጡት።
ረ. ትሉ ጀርባው ቀላ ሲል፣ መብላት ሲያቆምና ወደ አሸዋው ሲወርድ ቀኑን ይጻፉ። ክንፍ አውጥታ ብርጭቆው ላይ ስትሄድ ባዩበትም ቀን ይጻፉ።
ሰ. ሲጨርሱ ዕቃውን ሳይከፍቱ በሻሹ በኩል ሙቅ የሳሙና ውኃ ያፍሱበት። አንዷም ማምለጥ የለባትም።

ይህ ሙከራ በእርስዎ መንደር፣ በዚህ ወር፣ ትሉ ቅጠል ውስጥ የሚቆይበትንና መሬት ውስጥ የሚተኛበትን ቀን ይሰጥዎታል። ሁለት ቁጥሮች ናቸው፤ የቀረው እርምጃ ሁሉ የሚቆመው በእነሱ ላይ ነው። ትሉ በክር ተንጠልጥሎ ቀስ እያለ ሲወርድ አንድ ጊዜ ያየ ሰው ከዚያ በኋላ ዓይኑ ቅጠል ላይ ብቻ አይቀርም፤ አፈሩንም ያያል።

እርምጃ 5፦ ወጥመድ ይስቀሉ

ሴቷ ወንዱን የምትጠራው በጠረኗ ነው። ያ ጠረን በፋብሪካ ተሠርቶ በትንሽ ጎማ ላይ ይሸጣል፤ ፌሮሞን ይባላል። በወረዳዎ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ወይም የግብርና ግብዓት ሻጮች ዘንድ ይጠይቁ።

ሙጫ ያለው ባለ ሦስት ማዕዘን ወጥመድ ከሌለዎት ሳፋ ውኃ ሞልተው ጥቂት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ይጨምሩበት፤ ሳሙናው ነፍሳቱ ተንሳፍፋ እንዳትወጣ ያደርጋል። ጎማውን በሽቦ ከውኃው በላይ ሁለት ጣት ያህል ከፍ አድርገው ይስቀሉት። በባዶ እጅ አይንኩት፤ የሌላ ነገር ሽታ ያበላሸዋል። ያልተከፈተውን ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጡ። በየ4 እስከ 6 ሳምንቱ ይቀይሩት፤ አሮጌውን ማሳ ውስጥ አይጣሉት።

ወጥመዱ ችግኝ ከመዛወሩ ሁለት ሳምንት በፊት ይቀመጥ። ለክትትል በሄክታር 2 ወይም 3 ይበቃል። ችግኙ ትንሽ ሳለ መሬት አጠገብ ይሁን፤ በኋላም ከጉልበት ከፍታ ባይበልጥ ይመረጣል። በሳምንት አንድ ቀን፣ ሁልጊዜ በዚያው ቀን፣ ቆጥረው ይጻፉና ያጽዱት።

አንድ ነገር ይያዙ፦ ወጥመዱ የሚይዘው ወንዶችን ብቻ ነው። አስቀድመው የተገናኙ ሴቶች እንቁላላቸውን መጣላቸውን አያቆሙም፤ ያለ ወንድ የሚራቡ ሴቶችም በቤተ ሙከራ ታይተዋል። ስለዚህ ወጥመዱን መድኃኒት አድርገው አይመኩበት። ሥራው ማንቂያ ደወል መሆን ነው። ቁጥሩ ከሳምንት ሳምንት ሲያሻቅብ አዲስ ትውልድ ክንፍ አወጣ ማለት ነው፤ ከዚያ ከሳምንት በኋላ ቅጠል ላይ የተፈለፈሉ ትሎችን ይጠብቁ።

እርምጃ 6፦ በሳምንት ሁለት ቀን ማሳውን ይዙሩ

ጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ ማሳውን በዚግዛግ እያቋረጡ 20 ተክል ይምረጡ። ከየተክሉ አንድ ቅጠል ከላይ፣ አንድ ከመካከል ያንሡ። ቅጠሉን ገልብጠው፣ ከዚያም ወደ ብርሃን አንሥተው ይዩ። አራት ነገር ይቁጠሩ፦ እንቁላል፣ ትል ያለበት ሽንቁር፣ ትሉ የወጣበት ባዶ ሽንቁር፣ የተበሳ ፍሬ።

ሦስተኛው ቁጥር ብዙ ሰው የሚዘለው ነው። ባዶ ሽንቁር በዝቶ ትል ካነሰ ድል አይምሰልዎት። ትሎቹ ሌላ ቅጠል ካልገቡ መሬት ወርደዋል፤ ዛሬ የሚረጩት መድኃኒት ባዶ ቤት ላይ ነው የሚወርደው። ያን ቀን ሥራው መሬት ላይ ነው።

የተጠቃ ቅጠል ሲያገኙ ወዲያው ቀጥፈው ፌስታል ውስጥ ይክተቱ። ቅጠሉን መሬት ላይ መጣል ትሉን ወደሚሄድበት ቦታ ማድረስ ነው። ፌስታሉን አጥብቀው አስረው ሁለት ሳምንት ፀሐይ ላይ ይተዉት፤ ሙቀቱ ይጨርሳቸዋል።

እርምጃ 7፦ ሰንሰለቱን በየቦታው ይቁረጡ

አፈር ላይ። ትሉ በሚተኛበት ሳምንት የረገፈውን ቅጠል ሁሉ ይልቀሙ፤ በመስመሮቹ መካከል ያለውን አፈር በጥንቃቄ ይኮትኩቱ። ከለቀማ በኋላ ማሳውን በጥልቀት ይረሱ። ቦታው ጠባብ ከሆነ አፈሩን አርጥበው፣ ጫፉ በአፈር በተቀበረ ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ ለ4 ወይም 5 ሳምንት በበጋው ፀሐይ ይሸፍኑት።

ቅሪት ላይ። የመጨረሻው ለቀማ ካለቀ ተክሉን ነቅለው በዚያው ሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ያስወግዱ። ነጋዴ ያልወሰደውን፣ የተበሳውንና የበሰበሰውን ፍሬ ማሳ ዳር ከምሮ መተው ለሚቀጥለው ወቅት ተባይ ማርባት ነው።

ቀለብ ላይ። ከቲማቲም በኋላ ቲማቲም፣ ድንች ወይም ደበርጃን አይትከሉ። ሽንኩርት፣ ጎመን፣ በቆሎ ወይም ቦሎቄ ያፈራርቁ። በ20 ዲግሪ አንድ ትውልድ 40 ቀን ስለሚፈጅ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ምንም ቀለብ የሌለበት ጊዜ ከተገኘ ከአፈር የወጣችው እናት እንቁላል የምትጥልበት ታጣለች። አውጥና አስተናግርን ከማሳው ዙሪያ ካላጸዱ ግን ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ ነው።

ከጠላቶቿ ጎን ይቁሙ። እንቁላሏን እየመጠጡ የሚያደርቁ ቀጫጭን አረንጓዴ ነፍሳት አሉ፤ በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ ያሉ አምራቾች ሆን ብለው ግሪንሃውሳቸው ውስጥ ይለቋቸዋል። ናይሮቢ የሚገኘው ዓለም አቀፉ የነፍሳት ምርምር ማዕከል ኢሲፔ ደግሞ ከትውልድ አገሯ ከፔሩ ትንሽዬ ተርብ አስመጥቷል፤ ይህች ተርብ እንቁላሏን ትሉ ሰውነት ውስጥ ትጥልና ልጇ ትሉን ከውስጥ እየበላ ያድጋል። ያገኘውን ሁሉ የሚገድል ኬሚካል በየሳምንቱ የሚረጭበት ማሳ ላይ እንደነዚህ ያሉ ረዳቶች ሊኖሩ አይችሉም።

እርምጃ 8፦ መርጨት ግድ ሲሆን በቀኑ ይርጩ

ያን አጭር ጊዜ ያስታውሳሉ? ትሉ ከእንቁላል ወጥቶ ቅጠል እስኪበሳ ያለው ጊዜ በቀላሉ የሚገኝበት ነው። ወጥመዱ ላይ ቁጥሩ ካሻቀበ በኋላ ባለው ሳምንት፣ በእርምጃ 6 ትናንሽ ሽንቁሮች መታየት ሲጀምሩ ይርጩ። አመሻሽ ላይ ይሁን፤ ንቦች ወደ ቀፏቸው ገብተው፣ ፀሐዩም በርዶ።

በመጀመሪያ ለስለስ ያሉትን ይምረጡ፦ ከኒም ዛፍ የሚገኘውን አዛዲራክቲን ወይም ባሲለስ ቱሪንጄንሲስ የተባለውን በባክቴሪያ የተሠራ መድኃኒት። ሁለቱም ትንሽ ትል ላይ ነው የሚሠሩት፤ ትልቁን ብዙም አይጎዱትም። ከነዚህ ካለፈ ስፓይኖሳድ፣ ኢማሜክቲን ቤንዞዌት፣ ክሎራንትራኒሊፕሮል የሚባሉት አሉ። በአገሩ ለቲማቲም የተመዘገበውን ብቻ ይግዙ።

ይህች የእሳት እራት መድኃኒት ቶሎ ትለምዳለች። በደቡብ አሜሪካ አሮጌዎቹን ኬሚካሎች፣ በአውሮፓ ደግሞ አዳዲስ የተባሉትን ሳይቀር ተላምዳለች። መፍትሔው መድኃኒቱን በዓይነት መለዋወጥ ነው። ስሙን ብቻ አይዩ፤ ሁለት የተለያየ ስም ያላቸው ጠርሙሶች አንድ ዓይነት መርዝ ሊይዙ ይችላሉ። ባለሙያዎች መድኃኒቶችን በአሠራራቸው በቁጥር ይመድቧቸዋል፤ ለምሳሌ ስፓይኖሳድ 5፣ ኢማሜክቲን 6፣ ክሎራንትራኒሊፕሮል 28 ነው። አንድ ትውልድ ላይ አንድ ቁጥር ከተጠቀሙ ለሚቀጥለው ትውልድ ሌላ ቁጥር ይውሰዱ። የትውልዱ ርዝመት በእርምጃ 4 ያገኙት ቀን ነው፤ ደብተሩ እዚህም ያገለግላል።

ጓንት፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ፣ ረጅም እጅጌና ቦት ጫማ ሳያደርጉ አይርጩ። ሁለት መድኃኒት በራስዎ አይቀላቅሉ። ከርጭት እስከ ለቀማ መጠበቅ ያለበትን ቀን ከጠርሙሱ ላይ አንብበው ያክብሩ፤ ያን ቲማቲም የሚበላው የሌላ ሰው ልጅ ነው። ባዶውን ዕቃ ለውኃም ለዘይትም አይጠቀሙበት።

በመጨረሻ፦ ደቦ

ይህን ሁሉ ብቻዎን ቢያደርጉና አጥር የሚጋራዎት ጎረቤት ያረጀ ቲማቲሙን ማሳ ላይ ቢተወው፣ ነፋስ ያችን ትንሽ ነፍሳት በአንድ ሌሊት ያመጣልዎታል። እሷ የቤትዎን ድንበር አታውቅም። ስለዚህ ደብተርዎን ይዘው ወደ ጎረቤትዎ ይሂዱ። የተሰረሰረውን ቅጠል ወደ ፀሐይ አንሥተው ያሳዩት፤ ብርጭቆ ውስጥ ያሳደጉትን ያሳዩት። ትሉ መሬት የሚወርድበትን ሳምንት ይንገሩት።

ከዚያ እንደ አጨዳውና እንደ ውቂያው ደቦ ይጥሩ፦ የመንደሩ ቲማቲም ቅሪት ሁሉ በአንድ ሳምንት ይነቀል፣ የማሳ ዳር አረሙ በአንድ ሳምንት ይጽዳ፣ ማሳው ሁሉ ለተመሳሳይ ሁለት ወር ከቲማቲምና ከዘመዶቹ ይረፍ። ያን ሳምንት አንድ ሰው ብቻውን ሊመርጠው አይችልም፤ ቀኑን የሚያውቅ አንድ ሰው ግን መንደሩን ሊያስጀምር ይችላል።

ነገ ጠዋት አንድ ቅጠል ወደ ፀሐይ ያንሡ፤ ያዩትንም ከቀኑ ጋር ይጻፉ።